«አዲስ ዕቃ እንዴት ይደክማል?» ያልሁት እኔ ነኝ

ይህን ለሚስቴም ለነፍስ አባቴም ተናግሬ አላውቅም። ለአንተ ለምታነበው ግን በቅደም ተከተል ላስረዳህ።

በደርግ ጊዜ ኮምቦልቻ ውስጥ ወጣት መምህር ነበርሁ፤ የመምህራን የውይይት ክበብ ጸሐፊም እኔው። ሰይድ የሚባል የሒሳብ መምህር ባልደረባ ነበረኝ። ውጭ አገር ሄዶ ከልቡ በሮች አንዱ ወጥቶ የብረት ተተክቶለታል። አጠገቡ ስቀመጥ ደረቱ ውስጥ ቀጭ ቀጭ ሲል እሰማለሁ። ነገሩን ያስረዳኝ ራሱ ነው፦ ደም የሚያቀጥን ኪኒን በየቀኑ ይውጣል፤ ኪኒኑ ከበዛ ይደማል፣ ካነሰ ደሙ በሩ ላይ ይረጋል፤ ስለዚህ በየወሩ ደሴ ወጥቶ ደሙን ያስመረምራል። ድካሙ ግን አልለቀቀውም። ሰሌዳውን ሳያጋምስ ወንበር ይፈልግ ነበር።

ይህን ሁሉ አውቃለሁ። አውቄ ነው ያደረግሁት።

ቁጭ ብሎ እያስተማረ እንኳ ተማሪዎቹ ከእኔ ይልቅ እሱን ይወዱ ነበር። እኛ እርከን ልንሠራ ተራራ ስንወጣ እሱ ደሴ መሄዱ ደግሞ አንገበገበኝ። በሂስና ግለ ሂስ ስብሰባ ላይ አስነሣሁትና ስንፍናውን በሰው ፊት እንዲያምን ጠየቅሁ።

«ወላሂ ጓድ፣ ስንፍና አይደለም። ይደክመኛል» አለ።

«ልብህ አዲስ ነው አሉ። አዲስ ዕቃ እንዴት ይደክማል?»

ሳቁ ቤቱን ሞላው። ሳቁ ጣመኝ፤ ስለጣመኝም ጨመርሁ። ቤቱን ጸጥ አሰኝቼ ደረቱን አስደመጥኋቸው። «ስሙት፣ ይሠራል» አልሁ። ሰይድ ላብ አጠመቀው። በመጨረሻ «ሰንፌያለሁ» አለ። እኔም ቃለ ጉባኤው ላይ በጥሩ የእጅ ጽሑፍ አሰፈርሁት።

ከዚያ ወዲያ ሰነፍ እንዳይባል ደሴ መሄዱን ተወ። ሲተው አየሁ። ምን እንደሚከተል ነግሮኝ የለም? «ሂድ» ብለው ይበቃ ነበር። አላልሁም። በሦስተኛው ወር ክፍል ውስጥ እየጻፈ ጠመኔው ከእጁ ወደቀ፤ ቀኝ ጎኑ ሽባ ሆነ፣ ምላሱ ታሰረ።

ሆስፒታል ያደረስሁት እኔ ነኝ። እናቱ እጄን ይዘው ዱዓ አደረጉልኝ፤ «አላህ ያኑርህ ልጄ» አሉኝ። አሜን አልሁ። በምን አፌ?

ዘመኑ ነው ልበል? ዘመኑ ስብሰባውን ሰጠኝ፤ ቀልዱን የፈጠርሁት እኔ ነኝ። ሰይድ ዛሬም ደጋን ከተማ እህቱ ቤት አለ። መናገር ባይችልም ሁሉን ይሰማል ይላሉ። አንድም ቀን ሄጄ አውፍ በለኝ፣ ይቅር በለኝ አላልሁትም። ስለሚሰማ ነው ያልሄድሁት።