አባቴ የነቀለው መቀርቀሪያ

ፖሊስ ሳያንኳኳ ሰው ቤት እንዲገባ ፍርድ ቤት ይፍቀድለት አይፍቀድለት የሚል ክርክር በሰማሁ ቁጥር፣ ተከራካሪዎቹ ማንኳኳትን እንደ ትልቅ ክብር ማየታቸው ይገርመኛል። ሰብሮ መግባትን መደገፌ አይደለም፤ እሱንም አይቻለሁ። ግን የእኛ ቤት ሰዎች በር ሲንኳኳ ደስ ብሏቸው አያውቅም።

በደርግ ጊዜ ቦሌ፣ ከአውሮፕላን ማረፊያው መንገድ ገባ ብሎ እንኖር ነበር። አንድ ሰሞን አሰሳ መጣ። አብዮት ጠባቂዎቹ የጎረቤታችንን በር በርግጫ ገነጠሉት፤ ሽማግሌው ጫማቸውን እስኪያጠልቁ እንኳ አልጠበቋቸውም። መሣሪያ ፈልገው ያገኙት አንድ ከዘራ ነው። እሱንም ወሰዱት።

አባቴ ይህን አይቶ በማግስቱ የበራችንን መቀርቀሪያ ነቀለ።

"ሌባ ቢመጣስ?" አለች እናቴ።

"ሌባ ይሻላል። ዕቃ እንጂ ሰው አይወስድም። ደግሞ ክፍት በር ማን ይሰብራል?"

ነገር አስቦ መሥራት የሚወድ ሰው ነበር፤ ዘመኑ ለእንደዚህ ዓይነቱ ሰው አይመችም።

እሑድ ጠዋት መጡ። መሪያቸው እንደ ልማዱ በሩን በሙሉ ኃይሉ ረገጠው። በሩ አልተቀረቀረም ነበርና ከነጠመንጃው ሳሎናችን መሀል ተዘረረ። ታናሽ እህቴ ሳቀች። ከኋላው የነበሩት ጓዶቹም ሳቁ፤ አባቴን የጎዳው ይሄኛው ሳቅ ይመስለኛል።

ሰውየው ሱሪውን እያራገፈ ተነሣ። "ማንን እየጠበቅክ ነው በርህን ክፍት ያደረግከው?"

"እናንተን" አለ አባቴ። እውነቱን ነበር።

"እንደምንመጣ ማን ነገረህ?"

ወሰዱት።

እናቴ የዚያኑ ዕለት መቀርቀሪያውን አስመለሰች፤ በላዩ ሌላ ጨመረች። እስር ቤት ስንቅ ስናደርስ ምግቡን ይቀበሉናል፣ ሰውየውን አያሳዩንም። ወራት አለፉ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ በሩ ተንኳኳ፤ ቀስ ብሎ፣ በጨዋ ደንብ። እናቴ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ዝም በሉ አለችን። ደግሞ ተንኳኳ። ከዚያ ሰው ደረጃው ላይ ሲቀመጥ ሰማን። እሱም አልተናገረ፣ እኛም አልተነፈስን። ጀምበር ስታዘቀዝቅ እህቴ በቀዳዳ አጮልቃ አየችና ጮኸች።

"አባባ ነው! አባባ ነው!"

ገብቶ ውሃ ጠጣ። "ምነው፣ እኔ ነኝ ብትል?" አለችው እናቴ እያለቀሰች።

"‘ማነው?’ ያለኝ የለማ።"

ከዚያ ተነሥቶ ሁለቱንም መቀርቀሪያ ራሱ ዘጋ፤ መያዛቸውንም በእጁ ነቅነቅ አድርጎ አየ።