ያልተነከረው አቡጀዲ

አሶሳ ውስጥ በክረምት ልብስ ይደርቃል የሚል ሰው ካገኛችሁ፣ ወይ ትናንት የተመደበ መምህር ነው ወይ ዋሾ ነው። እኔ አንድ ዓመት በሰኔ ያጠብኩትን ሱሪ በመስከረም ከገመድ ሳወርደው ኪሱ ውስጥ እንቁራሪት ወልዳ አግኝቻለሁ። ባለቤቴ ምስክሬ ናት፤ በውሸት ግን ከእኔ ትብሳለች።

እንግዲህ ከየወረዳው ለሚመጡ ልጆች ስፌት እንዳስተምር የተጠራሁት በእንዲህ ያለ ክረምት ነው። ልጆቹ ትምህርት ቤት ውስጥ እያደሩ ስድስት ሳምንት ይሠለጥናሉ። በሩ ላይ የተለጠፈው ወረቀት «ፋሽን ዲዛይን» ይላል። እኔ በሰፈራው ጊዜ ከወሎ በአባቴ ትከሻ ላይ ሆኜ እዚህ የገባሁ የገበያ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ የማውቀው ፋሽን የወፈረ ደንበኛን ሱሪ ማስፋት ነው። ልጆቹ ሃያ ሁለት፣ መኪኖቹ አራት። ሁለቱ ይሰፋሉ፣ አንዱ ያስባል፣ አራተኛው ጡረታ ወጥቷል። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲወቅጠው፣ «መርፌውን አንሡ!» ብዬ የምጮኸው ጩኸት ሱዳን ድረስ ሳይሰማ አይቀርም። ሦስተኛው ሳምንት ላይ ጉልበቴ ከእኔ ቀድሞ ማልቀስ ጀመረ።

«ቲቸር፣ የተቀደደ ጂንስ መቼ ነው የምንማረው?» ይለኛል አንዱ ጎረምሳ በየቀኑ።

«አንተ መጀመሪያ ስፋ። መቅደዱን አጥር ያስተምርሃል።»

ከመካከላቸው አንዲት የበርታ ልጅ ነበረች፤ ከባምባሲ ወጣ ካለ መንደር የመጣች፣ አሥራ ስድስት ዓመት ቢሆናት ነው። ከመናገር መስፋት የሚቀላት ልጅ። በመጀመሪያው ሳምንት ዓይኗን ከመርፌው ሳታነሳ ነገረችኝ።

«አባቴ ጀለቢያ ሰፍተሽልኝ አምጪ አለኝ። ለብሶት ጁምዓ ከሰገደ፣ ከተማ አክስቴ ጋ ተቀምጬ ስፌት እቀጥላለሁ። ካልሆነ ቤት እመለሳለሁ።»

«ቤት ምን አለ?»

«ማሽላ።»

የአባቷን ልክ ያመጣችው በሲባጎ ላይ ቋጥራ ነው፤ አንድ ቋጠሮ ትከሻ፣ ሁለት ቋጠሮ እጅጌ፣ ሦስት ቋጠሮ ቁመት። ከእኔ ሜትር ያ ሲባጎ ይታመናል። የእኔው ከዕድሜ ብዛት ስለተለጠጠ የለካውን ሰው ሁሉ ቀጭን ያደርጋል።

አቡጀዲ ደግሞ ጠባዩ የታወቀ ነው። ሳይነከር ከተቆረጠ፣ በኋላ ሲታጠብ ይገባል፤ ልብሱ ያጥራል። ይህንን የመጀመሪያው ቀን ራሴ ሰሌዳው ላይ ጽፌያለሁ። ተራዋ ሲደርስ ጨርቁን አቅፋ መጣች።

«ቲቸር፣ አንነክረውም?»

በመስኮቱ አየሁ። ዝናብ። ብንነክረው የት ይደርቃል? ማን ያሰጣዋል? ማን ይተኩሰዋል? እግሬን ዘርግቼ የተቀመጥኩባት ወንበር በዚያች ሰዓት ከጀነት ትበልጥብኝ ነበር።

«ተይው፤ ይሄኛው ጥሩ አቡጀዲ ነው፣ አይገባም» አልኳት።

ለቀልድ የዋሸሁት ጫፍ ለጫፍ ቢቀጣጠል አሶሳን ሦስት ጊዜ ይዞራል፤ ማንንም ጎድቶ አያውቅም። ይህኛው ግን ቀልድ አልነበረም። ድካም የሚል ስም ያወጣሁለት ስንፍና ነበር።

ጀለቢያው ቆንጆ ሆኖ አለቀ። አምስተኛው ሳምንት ላይ ፈቃድ ወስዳ ይዛው ሄደች። እኔ ያላሰብኩት፣ አባትየው በገበያ ስንት እጅ የነካውን ጨርቅ ሳያጥብ ለብሶ የሚሰግድ ሰው አለመሆኑን ነው። አጠበው። እሳት ዳር ሰቅሎ አደረቀው። ቅዳሜ ጠዋት ልጁን አስከትሎ፣ ጀለቢያውን በፌስታል ይዞ ክፍላችን በር ላይ ቆመ። አውጥቶ ደረቱ ላይ ዘረጋው። ጫፉ እምብርቱ ላይ ቀረ ብላችሁ ደስ ይለኝ ነበር፤ እውነቱ ግን ያጠረው አንድ ስንዝር ነው። በሰው ፊት ለማፈር አንድ ስንዝር ይበቃል።

«ኡስታዝ፣ ሰላም ነው? ልጅ ልወስድ መጣሁ» አለኝ። አማርኛ ሁለተኛ ቋንቋው ስለሆነ ሴቱንም ወንዱንም በአንድ ያስኬዳል። «ልጄ ልክ አያውቅም። ገመድ አሳጠረ።»

ልጅቷ መሬት መሬት ታያለች። «እሱ ነው ተይው ያለኝ» ብትል ይበቃት ነበር። አልተነፈሰችም። የእኔ አፍ ግን እንደ ልማዱ ቀደመኝ።

«ኧረ አባቴ፣ አሁን አዲስ አበባ የያዘው ፋሽን እኮ ይሄ ነው!»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። አባትየው አልሳቀም። እሷ ቀና ብላ አየችኝ። ተቆጥታ ቢሆን ይሻለኝ ነበር፤ እሷ ግን እየጠበቀችኝ ነበር።

«ጥፋቱ የእኔ ነው» አልኩ። «ልጅዎ እንንከረው ብላኝ ነበር። ደክሞኝ ተይው አልኳት። ሲባጎውም ልክ ነው፣ እሷም ልክ ናት።»

«ደከመህ?»

«ደከመኝ።»

«እኔ ማሽላውን ደከመኝ አልለውም። አረም ይስቃል።»

ወደ ልጁ ዞሮ በበርታ ጠየቃት። በአጭሩ መለሰች።

«እውነት ነው አለ» አለኝ። «ለምን ዝም አልክ አልኩት። አስተማሪ ነው አለ።» ጀለቢያውን አጣጥፎ ፌስታሉ ውስጥ መለሰ። «ልጄ እስከ ጁምዓ ይቆይ። አዲስ ጨርቅ መጀመሪያ ይታጠብ፣ ከዚያ ይሰፋ። የልጄ እጅ ብቻ። አንተ አትንካ።»

ከሱቄ ሌላ አቡጀዲ አመጣሁ። በሳሙና አጥበን ነከርነው። እሑድ፣ ሰኞ፣ ማክሰኞ ሥራዬ ጨርቅ ማድረቅ ሆነ። በከሰል ካውያ ከጫፍ እስከ ጫፍ ስሄድበት ጨርቁም ያልበዋል፣ እኔንም ያልበኛል፤ ማን ቀድሞ እንደሚደርቅ ውድድር ይመስል ነበር። ረቡዕ እሱ አሸነፈ። ልጅቷ ቆረጠች፣ ሐሙስ ረፋድ ላይ ጨረሰች። እኔ እጄን ወደ ኋላ አጣምሬ ቆሜ ነበር፤ ይህ ደግሞ ሃያ ሱሪ ከመስፋት ይበልጥ ያደክማል።

ሳየው ቁመቱ ከሲባጎው ይረዝማል። ጫፉም ላይ ሦስት ጣት ያህል ጨርቅ ወደ ውስጥ ታጥፎ በልቅ ስፌት ተይዟል።

«ይሄ ደግሞ ምንድን ነው? ነክረነው የለም እንዴ?»

«ነክረነዋል ቲቸር» አለችኝ በትሕትና። «ምናልባት ሲነክሩት ደክሞዎት ከሆነ ብዬ ነው።»

ከሰዓት በኋላ ይዛው ወደ ቤቷ ሄደች።

ዓርብ ሱቄን ዘግቼ በሚኒባስ ወደ መንደራቸው ወረድኩ፤ የመንገዱን ግማሽ አንቀላፋሁ። መስጊዱ በር ላይ ስደርስ ዝናቡ ቆም ብሎ፣ ግቢው ጭቃ ብቻ ነበር። አባትየው ነጭ ለብሶ ከሰዎች ጋር መጣ። አጠገቤ ሲደርስ ወደ እግሩ አየ።

«ረጅም ነው» አለኝ።

«ይረዝማል» አልኩ። ቀልድ ፈልጌ አልመጣልኝም።

«ልጁ ሰኞ አክስቱ ቤት ይገባል።»

የጀለቢያውን ጫፍ በሁለት እጁ ከጭቃው ከፍ አድርጎ ይዞ፣ ከሰዎቹ ጋር ገባ።