የተቀደደው ወረቀት

ሙኦፌ ሙላውድዚ ቁጣዋን መደበቅ የምታውቅ ሴት አይደለችም። አራት ዓመት የንግግርና የመዋጥ ሕክምና ተምራ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ቶሆያንዱ ከተማ አጠገብ ወዳለው ሆስፒታላችን ስትመጣ፣ የሰጧት ክፍል የባልዲና የመጥረጊያ ማስቀመጫ ነበር። ዶክተሮቹ «የምላስ አስተማሪዋ» እያሉ ይስቁባታል። እኔም የወንዶች ክፍል ነርስ ነበርኩ፤ አብሬ ስቄያለሁ።

ሥራ በጀመረች በስድስተኛው ዓመት ቮ ንታንጌኒ፣ «ቮ» በእኛ ቋንቋ «አቶ» ማለት ነው፣ የሚባሉ ጡረተኛ የአውቶቡስ ሾፌር ስትሮክ መቷቸው ገቡ። ሙኦፌ በማንኪያ ጫፍ ውሃ ሰጥታ ጉሮሯቸውን በጣቶቿ ዳሰሰች። ውሃው የሚወርደው ወደ ሳንባቸው ነበር። ከአልጋቸው በላይ በትልልቅ ፊደል «በአፍ ምንም እንዳይሰጥ» ብላ ለጠፈች፤ በአፍንጫ ቱቦ እንዲመገቡም አዘዘች።

በማግስቱ ዶክተር ኔቩሎንጎ ወረቀቱን አየው።

«ይሄን የለጠፈው ማነው?»

«ሙኦፌ ናት» አልኩት።

«እሷ ኮልታፋ ታስተምር! ጉሮሮ ምን አገባት? ሰውየው ተጠምተዋል፤ ውሃ ስጫቸው።»

ወረቀቱን ቀደደው። ሰጠኋቸው። ሳል አጣደፋቸው፤ አንድ ብርጭቆ እስኪያልቅ ግን አላቆምኩም። በአምስተኛው ቀን በሳንባ ምች ሞቱ።

ሰኞ ጠዋት ስብሰባ ላይ ሙኦፌ ሳትጠራ ገባች።

«ቮ ንታንጌኒን ስትሮክ አልገደላቸውም። እናንተ ናችሁ የገደላችኋቸው!»

«ቦታሽን እወቂ» አላት ዶክተሩ።

«ቦታዬማ ባልዲዎቹ መሃል ነው፤ አውቀዋለሁ! እስቲ ዶክተር፣ በጀርባዎ ይጋደሙልኝና ውሃ ላንቆርቁርልዎ። ስንት ጉንጭ እንደሚችሉ እንይ!»

«እኔ አላጠጣሁም። ነርሷን ጠይቂ።»

ያኔ ደሜ ፈላ። ብድግ አልኩ። «አዎ፣ ያጠጣሁት እኔ ነኝ። ወረቀቱን ቀዶ ስጫቸው ያለኝ ደግሞ አንተ ነህ!»

በዚያው ሳምንት ሙኦፌ ሳታያቸው የስትሮክ ሕመምተኞች በአፋቸው ምንም እንዳይወስዱ ትእዛዝ ወጣ። እኔ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጠኝ። ዶክተሩ ወደ ትልቅ ሆስፒታል በእድገት ተዛወረ። እሷ እስከ ዛሬ እዚያው ባልዲ ክፍል ናት።

ይቅርታ ስጠይቃት ቀና ብላ እንኳ አላየችኝም።

«እኔን ምን አድርጊ ትይኛለሽ? ሂጂና ይቅርታውን የቮ ንታንጌኒን ልጅ ጠይቂ።»

ሄድኩ። ልጃቸው በመስኮት አየችኝ፤ በሩን ግን አልከፈተችልኝም። አልፈርድባትም።