ጸጉር አስተካካዩ የዘጋው ትምህርት ቤት

በሰፈሩ «ጆሮ» እያሉ ይጠሩታል፤ እሱም አይቀየምም። ጸጉር አስተካካይ ነው። ወንበሩ ላይ የተቀመጠ ሰው አንገቱን ለምላጭ ከሰጠ በኋላ ሆዱንም አይደብቀውም። የማን ጣሪያ እንደሚያፈስ፣ የማን ልጅ ከትምህርት ቤት እንደሚፎርፍ፣ የትኞቹ ባልና ሚስት እንደተኳረፉ ሁሉ ያውቃል፤ የሰማውን ግን ከሱቁ ደጃፍ አያሳልፍም። የሰፈሩ ትምህርት ቤት ቦርድ ሰብሳቢ በሚመረጥበት ቀን ሰዉ ብዙ ያልተከራከረው ለዚህ ነው። የሰው ነገር ሰምቶ የሚችል እሱ ነው ተባለና እጅ ወጣለት።

እሱን ደስ ያሰኘው ግን ሌላ ነገር ነበር። ታላቅ እህቱ የዚያው ትምህርት ቤት የአንደኛ ክፍል አስተማሪ ናት። እናታቸው ስትሞት እሱ ገና ሱሪውን በወጉ መታጠቅ የማይችል ልጅ ነበርና ያሳደገችው እሷ ናት። ላግባሽ ያላትን ሰው «ወንድሜ ራሱን እስኪችል» እያለች ስታቆየው ሰውየው ታክቶት ሌላ አገባ። እሷም ነገሩን ዳግመኛ አላነሳችውም። ፊደል ያስቆጠረችው እሷ፣ የመጀመሪያውን መቀስ የገዛችለትም እሷ። እሱ ራሱ ልጆች ወልዶም «እትዬ» ሲላት ድምፁ የልጅ ይሆናል።

ትምህርት ቤቱ ዳገት ላይ የተሠራ አሮጌ ቤት ነው። የእትዬ ክፍል ግድግዳ ከመስኮቱ ሥር ጀምሮ እስከ ጣሪያው ተሰንጥቆ ነበር። መጀመሪያ በጭቃ ደፈኑት፤ ቀጥሎ በሲሚንቶ። ክረምት ሲመጣ እንደገና አፉን ይከፍታል። በመጨረሻ ከትምህርት ጽሕፈት ቤቱ አንድ መሐንዲስ መጣ። ግድግዳውን መታ መታ አደረገ፣ ጣቱን ስንጥቁ ውስጥ ከተተ፣ ከዚያም ለጆሮ እውነቱን ነገረው። የቤቱን ጣሪያ ሁሉ የተሸከመው ይህ ግድግዳ ነው፤ ነገ ሊወድቅ ይችላል፤ እኛ ካለፍን በኋላም ቆሞ ሊቀር ይችላል። «እኔ ግን ልጄን እዚህ አላስቀምጥም» አለ።

ጽሕፈት ቤቱ ለማደስ አቅም የለኝም አለ። ወይ ልጆቹ ከዋናው መንገድ ማዶ ወዳለው ትልቁ ትምህርት ቤት ይዛወሩ፣ ወይ እዚያው ይማሩና ቦርዱ ኃላፊነቱን ይውሰድ። ስለዚህ ወላጆች ተጠሩ። በእትዬ ክፍል ውስጥ፣ በልጆቻቸው አግዳሚ ላይ ጉልበታቸው አገጫቸው ደርሶ ተቀመጡ። ገሚሱ የጭነት መኪና በሚከንፍበት መንገድ ላይ ሕፃን ልጅ ብቻውን እንዴት ይሻገራል ብሎ ተቆጣ። ገሚሱ መሻገር ግድግዳ ሥር ከመቀበር ይሻላል አለ። አንዲት ልብስ አጣቢ ሴት ብድግ አለች። ልጇ አንድ እግሯ የማይታዘዝላት፣ በምርኩዝ የምትሄድ ናት።

«ለእናንተ ልጆች ሩቅ ነው። ለእኔ ልጅ የለም ማለት ነው» አለችና ቁጭ አለች።

የቦርዱ አባላት እኩል ለእኩል ተከፈሉ። የቀረው የሰብሳቢው ድምፅ ብቻ ሆነ። እትዬ ከኋላ፣ በሩ አጠገብ ቆማለች። ቀና ብሎ ሊያያት ፈለገ፤ አልቻለም። ዓይኑን ስንጥቁ ላይ ተክሎ፣ ይዘጋ ከሚሉት ጋር እጁን አወጣ።

ሰው ሁሉ ከወጣ በኋላ እትዬ ጥቁር ሰሌዳውን ስትጠርግ አገኛት።

«እትዬ፣ ተቀየምሽኝ?»

«መፍራትህን መች ጠላሁት። ልጆች ናቸው፤ ያስፈራል።» ዳስተሩን አስቀመጠችና እጇን አራገፈች። «የመንደሩን ሰው ሁሉ ስትሰማ ከርመህ እኔን ግን አንድ ቀን እንኳ ምን ትያለሽ አላልከኝም።»

ብጠይቅሽ ኖሮ እጄ አይነሳልኝም ነበር ሊላት አሰበና ትቶት፣ ዳስተሩን አንስቶ የቀረውን ሰሌዳ ጠረገላት።

ትምህርት ቤቱ ተዘጋ። ልጆቹ መንገዱን መሻገር ለመዱ፤ ደግነቱ አንዳቸውም ላይ ክፉ አልደረሰም። በምርኩዝ የምትሄደዋ ልጅ ግን ቤት ዋለች። ጆሮ እናቷ ዘንድ ሄዶ የሚያደርሳት ሰው ላፈላልግ ብሎ ለመናት። ሴትዮዋ አልሰደበችውም። እስከ መቼ ነው ሰው ልጄን ተሸክሞ የሚኖረው ብላ ጠየቀችውና ወደምታጥበው ልብስ ተመለሰች። ከዚያ ወዲህ መንገድ ላይ ስታየው ሰላምታ አትነፍገውም፤ ቆማ ግን አታወራውም።

ትልቁ ትምህርት ቤት የአንደኛ ክፍል አስተማሪ ሞልቶት ስለነበር እትዬን የመጻሕፍት ግምጃ ቤት ኃላፊ አደረጓት። በጠባብ መስኮት መጽሐፍ ታቀብላለች፣ ትቀበላለች። የልጆቹ እጅ እንጂ ፊታቸው አይታያትም። ሥራው እንዴት ነው ሲሏት «ይደላል፤ ጮኾ መናገር የለ» ትላለች። ቀስ በቀስ ግን ቤትም ውስጥ ዝምተኛ ሆነች። ከዚያ ኩላሊቷ ታመመና አልጋ ያዘች።

አሮጌው ትምህርት ቤት ሳይፈርስ ቀርቶ የጽሕፈት ቤቱ የተሰባበረ ወንበር ማከማቻ ሆነ። ዝናብ በጣለ ቁጥር ጆሮ ጥላውን ይዞ ዳገቱን ይወጣና ግድግዳውን አይቶ ይመለሳል። ግድግዳው እንዳለ አለ።

አንድ እሑድ ከሰዓት እትዬ ጸጉሯን ማበጠር እንዳቃታት ነገረችውና ቁረጥልኝ አለችው። በሕይወቱ የእሷን ጸጉር ነክቶ አያውቅም። ትራስ ደግፎ አስቀመጣትና ነጭ ጨርቁን አንገቷ ላይ አሰረላት። አንገቷ የልጅ አንገት አክሏል። መቀሱን አንስቶ ከኋላዋ ጀመረ።

«ክረምት በመጣ ቁጥር እየሄድክ ታየዋለህ አሉ» አለችው።

«ማን ነገረሽ?»

«ወሬ የሚሰማ አንተ ብቻ ነህ እንዴ?» ፈገግ አለች። ቆይታ ደግሞ፣ «እንዲወድቅ ትመኛለህ፤ አይደል?»

መቀሱ ቆመ። ይህን ለሚስቱ እንኳ አልተናገረም።

«አዎ እትዬ።»

«እኔም እመኛለሁ።»

«አንቺ? ዕድሜሽን የፈጀሽበት ቤት አይደለም?»

«ቢወድቅ አንተ ታርፋለህ» አለች። «በል ቁረጥ፤ አንገቴ ደከመ።»

እንባው እጁ ላይ እየወረደ ቆረጠላት። እሷም እንዳላየች ሆና ዓይኗን ጨፈነች። ሲጨርስ መስተዋት አምጥቶ አሳያት፤ ቀና ብላ አየችና እናታችንን መሰልኩ አለችው። ክረምቱ ሳይወጣ ሞተች።

ቦርዱን በዚያው ዓመት ለቀቀ። ሰዎች ትክክል ነው ያደረግከው ብለው ሲያጽናኑት ያመሰግናቸዋል፤ ተሳስተሃል የሚሉትንም አይከራከራቸውም። ሱቁ ዛሬም ይሠራል። እሑድ ከሰዓት፣ እሷን ይጠይቅበት በነበረው ሰዓት፣ በሩን ዘግቶ ይወጣና የሚሄድበት ይጠፋዋል። እስከ ዋናው መንገድ ድረስ ይሄዳል፤ ትንሽ ቆሞ መኪናውን ያያል፤ ይመለሳል። ሚስቱ እራት ታቀርብለታለች እንጂ የት ነበርክ ብላ አትጠይቀውም።