የአባባ ቮልስ ጨረታ ላይ

የድሮ ቮልስ ወዳጆች የሚጫረቱበት አንድ የቴሌግራም ግሩፕ አለ። መጀመሪያ ላይ አሸነፍኩ ያለ ሰው በማግስቱ ብሩን ይዞ ይመጣ ነበር። አሁን ሻጩ ዘመዱን በሐሰት ስም አስገብቶ ዋጋ ያስወድዳል፤ አሸናፊው ስልኩን ዘግቶ ይሰወራል፤ ዝገቷን አሳዩን ያለ ይባረራል። ተጠያቂ የለም! ስለዚህ ነገር ከሁሉ አብልጬ የምጮኸው እኔ ነበርኩ፤ አፌ አያርፍማ።

አባቴ ዓይናቸው ደክሞ መንዳት ካቆሙ ወዲህ ቮልሳቸው ኮልፌ ግቢያችን ውስጥ ቆማለች። ጠዋት ጠዋት ገብተው መሪዋን ይዘው ይቀመጣሉ።

"አባባ፣ ቆማ ከምትበሰብስ ለሚወዳት ሰው እንሽጣት" አልኳቸው።

"እንዳልሽ" አሉና ወደ ጓዳ ገቡ።

ፎቶዋን ለጠፍኩ፤ ጨረታው ጦፈ። ፕሮፋይሉ ላይ የአንበሳ ፎቶ የለጠፈ አንድ ስም የለሽ፣ ሰው በጨመረ ቁጥር እላዩ ላይ እየጨመረ አሸነፈ። ከዚያ ጭጭ! በቴሌግራም ብደውል አያነሳ፣ ብጽፍ አይመልስ። እንደገና ጨረታ ባወጣም ያው አንበሳ መጣ። ሌባ ላመሉ ዳቦ ይልሳል! "ይሄ አጭበርባሪ ይጋለጥ!" ብዬ ግሩፑን አተራመስኩት።

አንበሳው ይባስ ብሎ ሌሎቹን ማስፈራራት ያዘ። "የቀኝ በሯ ወደ ላይ ካልተነሳ አይዘጋም፤ ወንድሞቼ ተጠንቀቁ" ብሎ ጻፈ።

ክው አልኩ። ያ በር ፎቶው ላይ አይታይም፤ እኔም ለማንም አልተናገርኩም። አመሉን የምናውቀው እኔና አባቴ ብቻ ነን።

ወደ ግቢ ወጣሁ። አባቴ ቮልሷ ውስጥ ተቀምጠው፣ ስልካቸውን ዓይናቸው ሥር አስጠግተው በአንድ ጣት ይጽፋሉ።

"አባባ፣ ያንን አጭበርባሪ አገኘሁት።"

"ይታሰራል እንዴ?" አሉ ቀና ሳይሉ።

ሳቄ አመለጠኝ። እሳቸው ግን ስልኩን ጭናቸው ላይ ጥለው መሪዋን በሁለት እጃቸው ጨበጡ።

"ምነው ታዲያ አትሽጪብኝ ቢሉኝ?"

"ቸኩለሽ ነበራ።"

እዚያው ቆሜ "ተሸጣለች፤ ገዢው ታማኝ ሰው ነው" ብዬ ለጠፍኩ። አንዱ ጊዜም አልፈጀበት፦ "ውሸታም! ገዢው ዘመድሽ ነው አይደል?" አለኝ። ግሩፑ ከስንት ጊዜ በኋላ እውነት ተናገረ፤ በዚሁ ሰበብ እኔን አባረሩኝ።

ዞሬ በቀኝ በኩል ገባሁ።

"ወዴት ነሽ?" አሉኝ አባቴ።

"እስከ ጦር ኃይሎች ድረስ።"

ሞተሯ ከተነሳ ዘመን ሆኖታል። እሳቸው ግን ጀርባቸውን አቃንተው መስታወቱን አስተካከሉ።

"በሩን ዝጊያ" አሉኝ። ወደ ላይ አንስቼ ዘጋሁት።