ባዶ እንዳይመስል የተሞላ ቁጥር

ከባልደረባዬ ጋር ስድስት ዓመት ጎን ለጎን ተቀምጠን ኮድ ጽፈናል። መሥሪያ ቤቱ በሙሉ «ጭንቄ» ነው የሚላት። በር ቆልፋ ከወጣች በኋላ ሦስቴ ተመልሳ መያዣውን ትነካካለች። እኔም «አንቺ እኮ ሳይነኩሽ የምትጮኺ ነሽ» እያልኩ አበሽቃት ነበር። አሁን ሳስበው አፍራለሁ።

ለሆስፒታል በምንሠራው ስክሪን ላይ የታማሚውን ኦክስጅን የሚያሳይ ክብ መለኪያ አስፈለገ። ገጹን የምናዘጋጅበት ፕሮግራም የተዘጋጁ ቁልፎችንና ሳጥኖችን እየጎተቱ የሚደረድሩበት ነው፤ እንዲህ ያለ መለኪያ ግን የለውም። ጭንቄ ራሷ ሠርታ አስገባችው። ስንደረድረው ባዶ ክብ ሆኖ ታየን።

«እስቲ አንድ ቁጥር ስጪው፤ ሰው የለቀቀው ቤት መሰለ እኮ» ያልኳት እኔ ነኝ።

የጤነኛ ሰው ልኬት ነው ብላ ዘጠና ሰባት ሞላችው። በኋላ ከኮዷ ውስጥ አጠፋችው፤ ፕሮግራሙ ግን ቁጥሩን በገጹ ፋይል ውስጥ ጽፎ አስቀርቶት ነበር። ስንሞክረው ሁልጊዜ ከጣት የሚመጣው ሽቦ ስክሪኑ ላይ ስለሚሰካ እውነተኛው ልኬት ወዲያው ይተካዋል። ስለዚህ አላየነውም።

ባለፈው ማክሰኞ ከሰዓት እዚያው ሆስፒታል የተኙትን አባቷን ልንጠይቅ ሄድን። ሳንባቸውን ታመው ከተኙ ሳምንት አልፏቸዋል፤ በዚያ ጠዋት ደግሞ ክፍል ቀይረዋቸዋል። ከራስጌያቸው የእኛው ስክሪን ተሰቅሏል። ዘጠና ሰባት ይላል።

«አባዬ፣ እንዴት ዋልክ?»

«ደህና… ነኝ። ያንቺ መለኪያ… የሚለውን አታዪም?» አሉ፣ በየቃሉ መሀል እያረፉ። ከንፈራቸው ጠቆር ብሏል።

ጭንቄ ከጣታቸው የወረደውን ሽቦ በዓይኗ ተከተለችው። ጫፉ አልተሰካም፤ አልጋው ሥር ወለሉ ላይ ተጋድሟል። ክው ብላ ቀረች።

«ይሄ ቁጥር የአባዬ አይደለም» አለችኝ በሹክሹክታ። «እኔ የሞላሁት ነው።»

የፈሩት ይደርሳል ሲባል ተረት ይመስለኝ ነበር። ያ ስክሪን በአሥራ አራት ክፍል ውስጥ ተሰቅሏል፤ በስንቱ ክፍል ሽቦ ወድቆ ይሆን? እኔ አለቃችን ምን ይለናል እያልኩ ስፈራ፣ ያቺ ከጥላዋ የምትሸሽ ሴት ኮሪደሩ ላይ ወጥታ ጮኸች።

«ሲስተር! ስክሪኑን አትመኑት! ጥፋቱ የኔ ነው፤ ሁሉንም ክፍል እዩልኝ፣ ሽቦ ያልተሰካበት ካለ ውሸት ነው የሚያሳየው!»

እኔ ሽቦውን ከወለሉ አንስቼ ሰካሁት። ቁጥሩ ወደ ሰባ ዘጠኝ ወረደና ማስጠንቀቂያው ይጮህ ጀመር። ነርሷ እየሮጠች ገብታ የኦክስጅኑን ጭንብል አነሳች። ጭንቄ የአባቷን እጅ ይዛ ታለቅሳለች።

«አባዬ፣ እንዲህ እያፈነህ ለምን አልተናገርክም?»

ሽማግሌው ጭንብሉን በጣታቸው ገፋ አደረጉት።

«ከጠዋት ጀምሮ… አፍኖኛል። ልጄ የሠራችው… ከሚዋሽ… እኔ ብሳሳት ይሻላል ብዬ ነው።»