ጉበቱን በጠርሙስ ላክሁላት

ከቡታጅራ የወጣሁት መግሪብ ሰግደን እንደጨረስን ነው። አዲስ አበባ የሚያደርሰኝ ሚኒባስ ደጅ ላይ ጥሩምባውን ያስጮሃል፣ እናቴ ዱዓዋን አላቋረጠችም፣ እኔ እንባዬን እየዋጥኩ ነው። ታናሽ እህቴ ሰሚራ ሻንጣሽን እኔ ልያዝ ብላ ጎንበስ ስትል ዓይኗ ጨለመባትና ግድግዳውን ደገፍ አለች። ደም ማነስ አለባት፤ ከጤና ጣቢያ የሚሰጧት የብረት ክኒን ሆዷን ስለሚያማት እየደበቀች ትተወዋለች። እንደዚያ ሆና ትቻት መሄዴ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ፍራንክፈርት ገብቼ፣ ወረቀቴ ተስተካክሎ፣ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ጽዳት እስክጀምር ሁለት ክረምት አለፈ። ክረምት ስል የእኛን እንዳይመስላችሁ፤ ሦስት ካልሲ ደርባችሁም እግራችሁ አይሞቅም። ጎረቤት ደረጃ ላይ ሲያገኛችሁ «ሃሎ» ብሎ ያልፋል፤ እኛ ሰፈር ቢሆን የቤተሰቡን ደህንነት አንድ በአንድ ሳይጠይቅ ማን ይለቃችኋል።

አንድ እሁድ ጉበት አማረኝና በቅቤና በሚጥሚጣ ጠበስኩ። አከራዬ ፍራው፣ እዚህ አገር ወይዘሮ ማለት ነው፣ አፍንጫቸውን ይዘው ወጥ ቤት ገቡ። መጋረጃቸው እንዲሸት ውላችን ላይ እንዳልተጻፈ አስረዱኝ። ከዚያ አሳዘንኳቸው መሰለኝ ከመሳቢያ ጠርሙስ አወጡ፤ ደርቆ የተፈጨ የበሬ ጉበት፣ በካፕሱል። እሳቸው በየቀኑ ይውጡታል፣ ሆድም አያሳምምም፣ መጋረጃም ላይ ሽታ አይተውም። ወዲያው ሰሚራ ትዝ አለችኝ።

ጭንቀቴ አንድ ብቻ ነበር፤ ሐላል ነው ወይ? የካፕሱሉ ሽፋን ከምን እንደተሠራ ሳይቀር ጠየቅሁ። ከሁለት ሱቅ አልገዛም ብዬ ወጣሁ። በመጨረሻ አንድ የቱርክ ሱቅ ውስጥ የሐላል ማኅተም ያለበትን አገኘሁና ማኅተሙን ፎቶ አንስቼ ለእናቴ ላክሁ። ከማኅተሙ ሥር ያለውን ደቃቅ ጽሑፍ አላነበብኩትም። ሁለት ጠርሙስ ወደ አገር ቤት በሚሄድ ሰው ሰደድኩ።

ከወር በኋላ ሰሚራ ደወለች፤ እኔ ከወጣሁ ወዲህ አግብታለች። ማዞሩ ቀለል ብሎላታል፣ ሁለቱም ጠርሙስ ሊያልቅ ስለሆነ ሌላ ላኪልኝ አለች። ቀጥላ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ መፀነሷን ነገረችኝ፤ ሦስተኛ ወሯን ልትይዝ ነው። እኛ ዘንድ ዓይን ስለሚፈራ ሆድ ሳይገፋ አይወራም። ባለፈው ዓመት ደግሞ አንድ ፅንስ ወርዶባት ስለነበር ለእናታችን እንኳ አልተነፈሰችም። በደስታ እየበረርኩ ሰፈሬ ያለው አፖቴከ ሄድኩ፤ መድኃኒት ቤት ነው።

ያንኑ ዓይነት ጠርሙስ ከመደርደሪያ አንስቼ ሳቀርብ ፋርማሲስቷ ለማን እንደሆነ ጠየቀችኝ። ለነፍሰ ጡር እህቴ አልኳት።

«እንግዲያው አልሸጥልሽም» አለች።

ጥቁር ስለሆንኩ ነው ብዬ ልቆጣ ተዘጋጅቼ ነበር። እሷ ግን ጠርሙሱን አዙራ ደቃቁን ጽሑፍ አሳየችኝ። ጉበት ለደም ማነስ መጥቀሙ እውነት ነው፣ ብረቱም ቫይታሚን ቢ አሥራ ሁለቱም አለው አለች። ቫይታሚን ኤውም አብሮ አለ፤ እሱ ሰውነት ውስጥ ይጠራቀማል፣ ሲበዛ በተለይ በመጀመሪያዎቹ ወራት ፅንስ ሊጎዳ ይችላል። እህቴ አንድ ወር እንደወሰደችው ስነግራት፣ ተጎድቷል ማለቴ አይደለም፣ መጠኑ ይወስነዋል፣ ዛሬውኑ አቁማ ሐኪም ዘንድ ትሂድ አለችኝ።

ከመድኃኒት ቤቱ ደጅ ሆኜ ደወልኩ።

«ሰሚራ፣ ካፕሱሉን ከአሁን ጀምሮ እንዳትነኪው።»

«ለምን? ሐላል ነው አላልሽም እንዴ?»

«ሐላል ነው። ለፅንስ ግን አይሆንም። በቀን ስንት ነው የምትውጪው?»

«ጠርሙሱ ላይ ያለውን እጥፍ ነው። ለእኔም ለልጁም ብዬ።»

በማግስቱ ጠርሙሱን ይዛ ሆስፒታል እንድትሄድ አስማልኳት። ማልቀሴን ስትሰማ እሷው አጽናናችኝ፣ ወላሂ አልቀየምሽም አለች።

«የሐኪሞቹን ክኒን ትቼ ይሄን የያዝኩት፣ አንቺ የላክሽው ስለሆነ ነው» አለችኝ።

ጠዋት ሆስፒታል ሄዳለች፤ ይህን ስጽፍ ገና አልተመለሰችም። ደጋግሜ ደወልኩ፣ አታነሳም።